ውጭ የቆመው ዲያቆን

ባሕር ዳር፣ ፋሲሎ
መስከረም 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለዲያቆን ባምላክ፣ ደቅ ደሴት

ሰላምታዬን አሳጥሬዋለሁ፤ ዘይነት ስኳርና ጨውዋን አስጭና ጀልባው ጋ እየጠበቀችኝ ነው። የደቅ ስልክ ከሰኔ ወዲህ ከሞተ ደብዳቤያችንን የምታመላልሰው እሷ ባትኖር ምን እንሆን ነበር? እኔ ደህና ነኝ፤ ቤተሰብም ደህና ነው። አንተም ደህና ሁን።

ለጥያቄህ መልሴ አይሆንም ነው። ሠርጉ አይገፋም። እንዴት ብሎ ይገፋል? ኅዳር 8 ጾመ ነቢያት ሳይገባ ያለችው የመጨረሻ እሑድ ናት፤ ቀኑን አብረን ነው ያወጣነው። በተክሊል ሳታገባ ቅስና የለም። ቅስና ካልተቀበልክ ደግሞ ቆላ ያሉት አርባ ሦስት የጉሙዝ ሰዎች ጥር 11 አይጠመቁም። ሰብሳቢያችን ግሩም በአገልግሎት ጉባኤው ፊት ያለውን አብረን ሰምተናል፦ «እዚያው የሚኖር ቄስ ሳናገኝ አናጠምቅም፤ አጥምቆ ጥሎ መሄድ ልጅ ወልዶ መንገድ ላይ መተው ነው።» ስንት ቄስ ተለመነ፤ ሁሉም ወባውን ፈርቶ እምቢ አለ። የቀረኸው አንተ ነህ። ሁለት ዓመት ከቻግኒ ወዲያ እየተመላለስክ ያስተማርካቸውም አንተ ነህ።

አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ በነገር አትየው። ለመስቀል ደቅ ደርሰው የተመለሱት የሰንበት ትምህርት ቤታችን ልጆች፣ «ዲያቆን ጠፍቶ የኔታ ሲጨነቁ እንኳ ባምላክ መቅደስ አልገባም፤ ከሕዝቡ ጋር ውጭ ቆሞ ነበር» አሉኝ። ምነው? አሞህ ነበር?

እሌኒ


ደቅ
መስከረም 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለእሌኒ

ሰላም ለኪ! የኔታ ጥዑመ ልሳን፣ አሥራ አንዱ የቅኔ ተማሪዎች፣ ማዶ ለማዶ የሚጠራሩት ዓሣ አጥማጆች፣ ሁሉም ሰላም ይሉሻል። ለእናትሽ እጅ ነሥቻለሁ። ለአባትሽም፣ ከፋብሪካ ደክሟቸው ሲገቡ፣ «ባምላክ ጤና ይስጥልኝ ብሏል» በይልኝ። ምሕረቱ የበዛ አምላክ፣ ዘሀሎ ወይሄሉ፣ በያለንበት ይጠብቀን። አሜን።

ልጆቹ የነገሩሽ እውነት ነው። በመስቀል ዋዜማ ከሐይቁ ዳር ውኃ ስቀዳ እግሬን ድንጋይ ቆረጠኝና ደም አልቆም አለኝ። ደም የሚፈስሰው ሰው መቅደስ እንደማይገባ አንቺም ታውቂያለሽ። የኔታም ተረድተውልኛል። ይኸው ነው፤ ሌላ ነገር የለውም።

ቀኑ ይገፋ ያልሁት ለአንቺ አስቤ ነው። ቆላ መውረድ ቀላል አይደለም። አንዴ ከወረድሽ በኋላ ብትጸጸቺ ምን እላለሁ ብዬ ነው።

የኔታ መነኩሴም ቄስም ሆነው በሰባ ሁለት ዓመታቸው እንደ ጎረምሳ ቅኔ ሲያስቆጥሩን ያነጋሉ። ከዚህ ደሴት እግራቸውን ካነሡ ሃያ ዓመት ሆኗቸዋል። ቅኔው ሲሰምርልኝ ሌላውን ሁሉ እረሳለሁ።

ወንድምሽ ባምላክ


ባሕር ዳር
ጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለቁስለኛው

ግእዝ ሲበዛብህ አንድ የደበቅከው ነገር እንዳለ ካወቅኩ ቆይቻለሁ። ምኑን እንደደበቅክ ግን አላውቅም። ምናልባት ቁስሉ ከነገርከኝ ይብሳል። ስለዚህ እንደ እጮኛ ሳይሆን እንደ ሐኪም ልጠይቅህ፦ የትኛው እግር ነው? ጥልቀቱ ምን ያህል ነው? አብጧል? መግል ይዟል? የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ተከትበሃል? የሐይቅ ዳር ድንጋይ ቀልድ አያውቅም። ሁለት ጥቅል ፋሻና ቁስል ማጠቢያ ከፋርማሲ ገዝቼ ልኬያለሁ። በየሁለት ቀኑ ቀይረው።

እጸጸታለሁ ብለህ አትስጋ። ለጤና ጣቢያው መልቀቂያዬን አስገብቻለሁ፤ ጥቅምት 30 የመጨረሻ ቀኔ ነው። እማዬ «ወባ ይበላሻል፣ ልጄን ለበረሃ አልድርም» ስትል ከርማ፣ አሁን ካባውን ለማሰፋት ገበያ ለገበያ ስትዞር ትውላለች። «የቄስ ሚስት» ስትል አፏ ማር ነው። ጎረቤቱ ሁሉ አውቋል። አባቴም የፋብሪካውን ግማሽ ጠርቷል።

ጉሙዝኛዬም ሰው ሊሆን ነው። ከቆላ ልጇን ለማሳከም የመጣች እናት በየማታው ታስተምረኛለች፤ ስሳሳት እስክታለቅስ ትስቃለች። አምና እናንተን ተከትዬ ለጥቂት ቀን ስወርድ ያዋለድኳት ሴት ትዝ ትልሃለች? እጄን ይዛ አንድ ነገር ስትለኝ፣ ምን እንዳለች ሳልሰማ ነው የተመለስኩት። ባምላክ፣ የእኔ ጥሪ ያች ናት። መስበክ አላውቅም። ግን አንዲት ሴት እጄን ይዛ ስታናግረኝ ሁለተኛ ዝም አልልም።

እሌኒ


ደቅ
ጥቅምት 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

እሌኒ

ፋሻው ደርሶኛል። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቁስሉ ጠግጓል፤ አታስቢ።

ስለ ዘንጉ በዘይነት አፍ የላክሽውን ጥያቄ ሰምቻለሁ። የቆላው ሽማግሌ ያንን የቀርከሃ ዘንግ ለምን ለእኔ እንደሰጡኝ አልነገርሁሽም። ልንገርሽ።

አምና ቄሶቹን ይዘን ወርደን በዚያች በቀርከሃዋ ቤተ ክርስቲያን ስንቀድስ፣ ያልተጠመቁት እንደ ሥርዓቱ መሐል ላይ ውጡ ይባላሉ። አርባ ሦስቱም ተነሥተው ወጡ። ሽማግሌው በሩ ላይ ዞር ሲሉ እኔ ከውጭ ቆሜያለሁ። ከመጀመሪያውም አልገባሁም ነበር። አጠገቤ መጥተው ቆሙ። በሁለተኛው እሑድም እንዲሁ፤ በሦስተኛውም። በመጨረሻ በአስተርጓሚ ጠየቁኝ፦ «ሌሎቹ ነጭ ለባሾች ሁሉ ውስጥ ናቸው። አንተ የእነሱ ወገን ሆነህ ሳለ ለምን ከእኛ ጋር ፀሐይ ትመታሃለች?»

ምን እንደመለስሁላቸው ልጻፍልሽ? «እናንተን ብቻችሁን ውጭ ትቼ መግባት ከበደኝ» አልኋቸው። ሽማግሌው ለሰዎቻቸው ነገሩ። ሴቶቹ አለቀሱ። በማግሥቱ ዘንጋቸውን ሰጡኝ፤ አባታቸው የተደገፉበት ነው አሉ።

ያንን ዘንግ ተደግፌ መቆም አቅቶኛል። ጥግ አስደግፌዋለሁ። የቀረውን በአካል እነግርሻለሁ፤ ወረቀት ላይ አይሆንልኝም።

ባምላክ


ባሕር ዳር
ጥቅምት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ባምላክ

«ቁስሉ ጠግጓል» ብለህ ጽፈሃል። ዘይነት ደግሞ ደብዳቤህን የሰጠሃት ዕለት ሱሪህን እስከ ጉልበትህ ሰብስበህ በባዶ እግርህ ታንኳ ስትገፋ አይታሃለች። «እህቴ፣ ጠባሳ እንኳ የለበትም፤ እግሩ የሕፃን ነው የሚመስል፤ ፋሻውን ለማን ነው የምንልክ?» አለችኝ። ዘይነት ሙስሊም ናት። ስለ መቅደስና ስለ ደም ምን አግብቷት ትዋሻለች?

አምናም ውጭ ቆመህ ነበር። ይህንንም የነገርከኝ አንተ ነህ። አምናም እግርህን ድንጋይ ቆርጦህ ነበር?

ሠርጋችን ሃያ ቀን ቀርቶታል። ሌላ ሴት አለች? ታመሃል? ሃይማኖቱን ተጠራጠርክ? የቱም ይሁን፣ ንገረኝ። በአካል እነግርሻለሁ አትበለኝ፤ በአካል የምንገናኘው ተክሊል ሊደፋብን ነው። በሚመጣው ጀልባ መልስ ካላገኘሁ ራሴ እመጣለሁ።

እሌኒ


ደቅ
ጥቅምት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

እሌኒ

አትምጪ። ይኸው ጻፍሁት።

ዲያቆን አይደለሁም። ሰው ሁሉ ዲያቆን ይለኛል፤ ድቁናዬ ግን ከፈረሰ ሦስት ዓመት አልፎታል። ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ሳለሁ ከአንዲት ልጅ ጋር ወደቅሁ። እሷን በምንም አትውቀሺያት። እንዋደድ ነበር፤ ኋላ እሷ ወደ አገሯ ሄደች። ያኔ አንቺን አላውቅሽም። በሳምንቱ ለንስሐ አባቴ ተናዘዝሁ። «ንስሐህን ተቀብዬሃለሁ፤ መቅደስ ግን ከእንግዲህ አትገባም፤ ቅስናም የለህም፤ ተክሊልም እንዳትደፍር» አሉኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ መቅደስ አልረገጥሁም። ያልዋሸሁት ይህችን ብቻ ነው።

ለምን ዝም አልሁ? መጀመሪያ አፈርሁ። ለእናቴ፣ በቀዳሽነቴ ለምትኮራው፣ ምን ልበላት? በኋላ ቆላ መውረድ ጀመርሁ፤ እዚያ ማንም መቅደስ ግባ አይለኝም ነበርና ልቤ አረፈ። መውረድ የጀመርሁት በከፊል ለመሸሽ ነው። ከዚያ ግን ሰዎቹን ወደድኋቸው። አባታችን ሆይን በቋንቋቸው ሲሉት ስሰማ፣ እግዚአብሔር እኔንም ገና እንዳልተወኝ ይሰማኝ ነበር።

ግሩም «ባምላክ ይቀስስልን» ብሎ በጉባኤው ፊት ሲያቆመኝ ሁሉም እልል አለ። እኔ አቀርቅሬ ዝም አልሁ። ዝምታዬን ትሕትና አሉት። አንቺም ከሴቶቹ መሐል ቆመሽ ታለቅሺ ነበር። ያን ዕለት አንድ ቃል ብናገር ኖሮ እዚህ አንደርስም ነበር። ደቅ የመጣሁትም ቅኔ ላስፋፋ ብዬ አይደለም፤ ቀኑ ሲቀርብ ፊትሽን ማየት ስላልቻልሁ ነው።

እግሬን የቆረጠኝ ድንጋይ የለም። ፋሻው ሳጥኔ ላይ እንደታሸገ ተቀምጧል፤ በየቀኑ አየዋለሁ።

ምንም አልለምንሽም። ይህን ብቻ እወቂልኝ፤ አንቺን መውደዴ ከውሸቱ ውስጥ አይደለም።

ባምላክ


ደቅ
ጥቅምት 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

እሌኒ

ጀልባው ሁለት ጊዜ ተመላለሰ፤ ከአንቺ ምንም የለም። ዘይነትን ጠየቅኋት። «አንብባዋለች። ከዚያ በላይ አትጠይቀኝ» አለችኝ። አልቆጣትም።

ለግሩም ሁሉንም ጽፌ ልኬያለሁ፤ እስካሁን ደርሶታል። ለእናቴም ጻፍሁ። ለየኔታ ግን በቃሌ ነው የነገርኋቸው። የቅኔው ጉባኤ ተበትኖ ብቻቸውን ሳሉ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። ሦስት ቀን ሙሉ አላናገሩኝም፤ ቅኔዬንም አላረሙልኝ። ትናንት ብቻ ሳልፍ አስቆሙኝና፣ «መስቀል ዕለት ዲያቆን አጥተን ሳለ ውጭ መቆምህ ለካ መታዘዝ ኖሯል» አሉኝ። «ያቺን ያህል ከታዘዝህ ቀሪውንም መታዘዝ ትችል ነበር።»

ዛሬ የሥራሽ የመጨረሻ ቀን ነው። መልቀቂያሽን መሳብ ከቻልሽ ሳቢው። በእኔ ምክንያት ኑሮሽ አይበላሽ።

ስድብም ቢሆን ጻፊልኝ።

ባምላክ


ባሕር ዳር
ኅዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ባምላክ

ሁለቱም ደብዳቤዎችህ በጊዜው ደርሰውኛል። የዘገየሁት እኔው ነኝ።

ስድብ ፈልገሃል። ስንት ቀን በልቤ ስሰድብህ ሰንብቼ አሁን ሲጻፍ ጠፋብኝ። ከዚያች ልጅ ጋር የሆነው አልገደለኝም። ሰው ይወድቃል፤ ንስሐም ለዚሁ ነው። እኔን ያቃጠለኝ ፋሻው ነው። ከወር ደመወዜ ቀንሼ ገዝቼ፣ ይመረቅዝበት ይሆን እያልኩ እንቅልፍ አጥቼ የላክኩልህን ፋሻ ተቀብለህ፣ «ቁስሉ ጠግጓል፤ አታስቢ» ብለህ ጻፍክልኝ!

እማዬ ካባውን አጥፋ ሳጥን ውስጥ ከተተችው። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። አባቴ የጠራቸውን ሰዎች በየክፍሉ እየዞረ «ቀርቷል» ሲል ዋለ። ምክንያቱን ሲጠይቁት «የልጆቹ ጉዳይ ነው» ብሎ ሸፍኖልሃል።

ይቅርታ የጠየቅከው ከእግዚአብሔር ከሆነ፣ ንስሐ አባትህ ሰጥተውሃል። ከእኔ ከሆነ ገና ነው። መቼ እንደሚሆንም አላውቅም።

አለቃዬ «ቦታሽ አለ፤ ወረቀትሽን እቀደዋለሁ» ብላኝ ነበር። እሄዳለሁ ካልኩ እሄዳለሁ! የቄስ ሚስት ሆኜ ልወርድ ነበር፤ አዋላጅ ሆኜ እወርዳለሁ። ኅዳር 21 መኪና አለ። ግሩም «ጥምቀቱ መቅረቱን አንቺው ንገሪያቸው፤ ቋንቋቸውን ትችያለሽ» ብሎኛል። ጉሙዝኛ የተማርኩት ለዚህ ሆነ። ለእነዚያ አርባ ሦስት ሰዎች ምን ብዬ ልንገራቸው? ለሽማግሌውስ? ይህን መልስልኝ። ሌላ ነገር አትጻፍ።

እሌኒ


ደቅ
ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

እሌኒ

እውነቱን ንገሪያቸው። ስሜን ጠርተሽ፣ ቃሉን ሳታለዝቢ። ይህን ደብዳቤ ከሚያመጣልሽ ሰው ጋር የሽማግሌውን ዘንግ ልኬያለሁ፤ በማታለል የተቀበልሁት ነውና መልሺልኝ።

ደብዳቤውን የሚያመጣልሽ ግን ዘይነት አይደለችም።

ትናንት እሑድ፣ ሠርጋችን ሊሆን በነበረው ቀን፣ ቅዳሴ ሲወጣ የኔታ ከሾላው ሥር ጠሩኝ።

«ያ ቆላ ምን ያህል ይርቃል?» አሉኝ።

«በመኪና አንድ ቀን፣ ከዚያ በእግር ግማሽ ቀን ነው፣ የኔታ።»

«የሚፈልጉት ቄስ ነው አይደል?»

«አዎ።»

«እኔሳ ምንድር ነኝ?»

«የኔታ፣ ወባ አለ» አልኋቸው። «ትንኟ ሽማግሌ ትመርጣለች?» አሉ። ዕድሜዎ አልሁ፤ መንገዱ አልሁ። «ሃያ ዓመት እዚህ ተቀምጬ ውጡ፣ አስተምሩ እያልሁ ተማሪ ስሸኝ ኖርሁ። አንድ ቀን እንኳ እኔ ልሂድ አላልሁም። አንተ ዋሽተህም ቢሆን ሄደሃል» አሉኝ። ከስድብ ሁሉ ይህ ነው ያስለቀሰኝ።

ተማሪዎቹንስ ማን ያስተምራል ብላቸው፣ «አንተ አለህ፤ ቅኔ ለማስቆጠር መቅደስ መግባት አያሻም። የወጣኸው ከመቅደስ ነው፤ ከቤተ ክርስቲያን ውጣ ያለህ ማን ነው?» አሉ። የጀመሩት የቅኔ ጉባኤ የካቲት ላይ እስኪያልቅ እዚሁ እንድቆይ አዘዙኝ። ከዚያ በኋላ የት እንደምሄድ አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅሁ።

እባክሽ ደግፈሽ ከጀልባው አውርጃቸው፤ ሞገድ ያዞራቸዋል። ስለ እኛ የምጠይቅሽ ነበረኝ፤ አልጠይቅም ብዬ ነበር። ይኸው ጠየቅሁ፤ ብትፈልጊ አትመልሺው።

ባምላክ


ከቆላው
ጥር 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ባምላክ

አርባ ሦስቱም ተጠመቁ።

ገና እንደደረስኩ እውነቱን በራሴ አፍ ነገርኳቸው። ቃል እየጠፋኝ ሁለት ሦስት ቦታ ተንተባተብኩ። የሚስቅ አልነበረም። አንዳንዶቹ ተነሥተው ሄዱ፤ ከእነሱም አንዷ ያቺ ያዋለድኳት ሴት ናት። በአራተኛው ቀን ተመለሰች። ሽማግሌው እስክጨርስ ሰምተው፣ «የተናገረው ውሸት ነው፤ ገባኝ» አሉ። «ሦስት እሑድ ፀሐይ የመታው ራሱስ? እሱም ውሸት ነው?»

የኔታ ታኅሣሥን በወባ ተኝተው ነበር፤ ሁለት ሌሊት ፈርቼላቸው ነበር። ለጥምቀት ግን በሁለት ሰው ተደግፈው ወንዙ ውስጥ ገቡ። ሽማግሌውን ወልደ ሐዋርያት አሏቸው። ሰውዬው ከውኃው ሲወጡ እንደ ልጅ ይስቁ ነበር።

በማግሥቱ ቅዳሴ ነበር። ሰምተው የመጡ አዲስ ሰዎች አሉ፤ አሥራ ሰባት ናቸው። መሐል ላይ ያልተጠመቁ ይውጡ ሲባል እነሱ ብቻቸውን ወጡ። አርባ ሦስቱ ቀሩ። ወልደ ሐዋርያት ወደ በሩ ዞረው ቆዩና ወደ እኔ መጥተው፣ «አሁን እኛ ገባን። ከእነዚያ ጋር ማን ነው የሚቆመው?» አሉኝ። ራሳቸው ሊወጡ ሲሉ የኔታ በዓይናቸው ከለከሏቸው። ቅዳሴው እስኪያልቅ አሥራ ሰባቱ ፀሐይ ላይ ቆዩ፤ አራቱ ሳይጨርሱ ሄዱ።

ለበዓሉ ከባሕር ዳር የወረዱት አገልጋዮች ዛሬ ይመለሳሉ። ደብዳቤውን ለዘይነት የሚያደርሱልኝ እነሱ ናቸው። የኔታ ብቻቸውን ሊቀሩ ነው። ቀድሰው፣ አስተምረው፣ ሙት ቀብረው አይችሉትም። ትናንት «ያ ልጅ ጉባኤውን ፈታ?» ብለው ጠየቁኝ። ገና ነው አልኳቸው። «የካቲት ቅርብ ነው» አሉ።

ዘንጉን ወልደ ሐዋርያት አልተቀበሉኝም። ከቤተ ክርስቲያኑ በር ውጭ፣ አንተ ትቆም በነበርክበት በኩል አስደግፈውታል። ልጆች ሊነኩት ሲሉ ይቆጣሉ።

ስለ እኛ ለጠየቅከው መልስ የለኝም። ተቆጥቼሃለሁ፤ ገና አልወጣልኝም። እዚህ ብትመጣ ቤትህ ከየኔታ ጋር ነው፤ የእኔ ከጤና ኬላው ጎን ነው። ሰላም እልሃለሁ፤ እንደ ማንኛውም አገልጋይ። ከዚያ በላይ ዛሬ ቃል አልሰጥህም።

ግን ና። ስትመጣም ፋሻውን እንዳትረሳው፤ እዚህ አልቆብኛል።

እሌኒ